ጸደይ በገዳሪፍ፦ የአንድ ግቢ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ከመተማ ድንበር ባሻገር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ፣ ከጎንደር ወርዶ የከተማዋ ዳርቻ ላይ የከተመ አንድ ቤተሰብ በጸደይ ወራት የሚደሰትባቸውን ነገሮች መመርመር ነበር። ጥናቱን ገና ከጅምሩ እንቅፋት ገጠመው። ጸደይ አልተገኘም።

ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ሕዝቡ ግን አደይ አበባ ባየ ቁጥር፣ ማለትም በመስከረም፣ «ጸደይ ገባ» ይላል፤ ሊቃውንቱ «እሱ እኮ መጸው ነው» ብለው ቢቆጡም የሚሰማቸው አላገኙም። ገዳሪፍ ሁለቱንም ወገን እኩል ታሳፍራለች። በመስከረም ሰሊጥ ይደርሳል፤ ሳሉጉ፣ ከደጋ የወረደው የእርሻ ቀን ሠራተኛ፣ ጎንበስ እንዳለ ስለሚውል አበባ ለማየት ቀና የሚል የለም። በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል።

ሱዳኖችን ብንጠይቅስ? እነሱ ዓመቱን ሺታ፣ ሰይፍ፣ ኸሪፍ ብለው ይከፍሉታል፤ ብርዱ፣ ሐሩሩ፣ ዝናቡ። ኸሪፍ በአብዛኛው የዐረብ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ እዚህ የዝናብ ስም ሆኗል። ጸደይ ማለት የሆነው ረቢዕ በሁለት የእስልምና ወሮች ስም ላይ ይገኛል፤ ወሮቹ ግን የጨረቃ ስለሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እንዲህ ያለውን ወቅት በቋሚ አድራሻ መጥራት አይቻልም።

ስለ ከተማዋ ስም የሚነገረውም ፍንጭ ይሰጣል። ገዳሪፍ የጥንት ገበያ ናት፤ ስሟ የመጣው «የገዛና የሸጠ ይሂድ» ከሚል የዐረብኛ አነጋገር ነው ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ ትእዛዙን ቃል በቃል የፈጸመው ገበያተኛ ጸደይ ብቻ ነው። የእኛ ሰዎች አልጨረሱም፤ ስለዚህ አልሄዱም።

ግብጾች ከፋሲካ ማግስት ባለው ሰኞ፣ በእኛ ማዕዶት ቀን፣ ሻም አን-ነሲም ብለው ይወጣሉ፤ «ነፋሱን ማሽተት» ማለት ነው። በጥናቱ ቦታ ይህን ሥርዓት በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ሞክሬዋለሁ። ነፋሱ አቧራ አቧራ ይሸታል። አያትየው፣ የጎረቤት ልጆች ሐቦባ የሚሏቸው፣ ከጓዳው ጥላ ሆነው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ አመሻሽ ላይ ና፤ አሁን ማንም ሰው አይደለም» አሉኝ።

ጥናቱ የዳነው በዚህ አስተያየት ነው። በገዳሪፍ ጸደይ ወቅት ሳይሆን ሰዓት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይገባል፣ የወባ ትንኝ ሲበረታ ይወጣል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ጸደይ ነው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ።

መግቢያው ውሃ መርጨት ነው። የአካባቢው አፈር ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በሐሩሩ ወራት ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ የወደቀበትን ሳንቲም አይመልስም፣ ኸሪፍ ሲገባ አፈሩ አብጦ አፉን ይዘጋል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። በአረጫጨት ረገድ በግቢው ውስጥ ሁለት የአስተሳሰብ ጎራዎች አሉ። እናትየው ከሣህን እየጨለፉ በጣት ያርከፈክፋሉ፤ ትልቁ ልጅ በባልዲ ይደፋል። የእናትየው ጎራ ሽታ ያወጣል፣ የልጁ ጭቃ። አባትየው ሁለቱንም ሳይነቅፉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ውሃው በደረቁ አየር ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጥላ ሥር የቆመው ዚር፣ የሸክላው ጋን ማለቴ ነው፣ ላብ እያላበው ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ዘዴ ነው። በኸሪፍ አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሚሆን ዘዴው ይከሽፋል። ጸደይ በዝናብ ይበላሻል የሚለው ግኝት ለደጋ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንገሬብ ይወጣል። አንገሬብ እኛ የጠፍር አልጋ የምንለው ነው። የጎንደሩ አንገረብ ወንዝና ይህ አልጋ ዝምድና እንዳላቸው የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለኝም፤ ሁለቱም ግን ወደ ሱዳን ተዘርግተው ይተኛሉ። የአንገሬብ አቀማመጥ ሳይንስ ነው። ራስጌው ነፋሱ ወደሚመጣበት መዞር አለበት፣ ነፋሱ ግን አይናገርም። በአንድ ምሽት አባትየው አልጋውን አራት ጊዜ ሲያዞሩ አይቻለሁ፤ በመጨረሻ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ አረፈ፣ እሳቸውም «አየህ፣ አሁን ገና መጣ» አሉኝ። ነፋስ አልመጣም ነበር። በማስታወሻዬ ላይ ግን መጣ ብዬ ጻፍኩ።

መብራት ሲጠፋ ውጤቱ ይጎላል። ማራገቢያው ይቆማል፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ እስካሁን ቤት ውስጥ ተደብቆ የነበረ አባል ሁሉ ይወጣል። ልጆቹ ነበቅ፣ የእኛን ቁርቁራ፣ ከኪሳቸው አውጥተው ፍሬውን ማን አርቆ እንደሚተፋ ይወዳደራሉ። የዚህን ዘርፍ ልኬት ለሌላ ተመራማሪ ትቻለሁ።

የቡናው ጉዳይ ግን በዝምታ አይታለፍም። ጎረቤት የሆኑት ሱዳናዊት፣ በግቢው ኻልቲ የሚባሉት፣ ጀበናቸው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምራሉ፤ እናትየው አይጨምሩም። ኻልቲ የዝንጅብል አልባውን ቡና ሲቀምሱ «መድኃኒቱን ረሳሽው» ይላሉ፤ እናትየው የኻልቲን ሲቀምሱ «ሻይ ነው እንዴ?» ይላሉ። ሁለቱም ፍንጃላቸውን ጨርሰው ይደግማሉ። ፍንጃል የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱም ቋንቋ ያለ ነው፤ የመተማንና የጋላባትን ኬላ ቀረጥ ሳይከፍል ካለፈው ዕቃ ውስጥ የሚመደብ ነው።

ወቅት እዚህ አገር በሰዓት እንደሚመጣ የመሰከረ ሌላም ሰው አለ። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋና ጥቂት ኩሬ ቀርቶታል። ጁን 23 ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ ትናንት ደረቅ የነበረው ሰፊ ወንዝ ሆኗል። ውሃው ከእኛ ደጋ የወረደ ነበር። ቤከር ነገሩን በመጽሐፉ በአድናቆት ጻፈው፤ ሐቦባ ስነግራቸው «ታዲያ ከየት ይምጣ ብሎ ነው?» አሉ።

የጥናቱ ውስንነት ሐቡብ ነው። ከዝናቡ በፊት የሚነሳው ይህ የአቧራ ግንብ ሲታይ አንገሬቡ፣ ጀበናው፣ ሕፃናቱና ተመራማሪው በአንድ ትንፋሽ ወደ ቤት ይገባሉ፤ የዚያን ቀን ጸደይ አይኖርም። የተረጨው ውሃም ጭቃ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይመዘገባል።

ምልከታው የተካሄደው ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊት ነው። በዚያ ቀን ካርቱም ላይ የሱዳኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ከካርቱም፣ በኋላም ከጀዚራና ከሲናር፣ ብዙ ሰው ሸሽቶ ገዳሪፍ ገባ። ባለፈው ስልክ ደውዬ መረጃውን ለማደስ ጠየቅሁ። በግቢው ያሉት አንገሬቦች አሥራ አንድ ደርሰዋል። ውሃው የሚረጨው ግን ያው በእናትየው ሣህን ነው፤ ባልዲው ለመጠጥ ውሃ ተወስዷል።