መብራት ሲመለስ የማይመለሰው

ሐይቅ ከተማ መብራት በሄደ ቁጥር እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ከሥራዬ እፈታለሁ።

እዚያ ሐይቅ፣ ከወላጆቼ ቤት ሳሎን ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፣ ኡቡንቱ 22.04። የያዘው የአባቴን ካሴቶች ነው። አባቴ በወጣትነቱ ውጫሌና ዙሪያዋ ባሉ የአምባሰል ሠርጎች እየዞረ በራሱ ቴፕ የቀዳቸው ናቸው። ክሩ መላላጥ ሲጀምር አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ ገለበጥኳቸው። ገልብጬ ግን አልጨረስኩም። የትኛውን ማን እንዳዜመው፣ የማን ሠርግ እንደነበር ገና አልተጻፈበትም። ማታ ማታ ከርቀት እየገባሁ፣ እየሰማሁ፣ አባቴን በስልክ እየጠየቅሁ ስም ላወጣላቸው ነበር።

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሳል፤ እንዲያ አስተካክዬዋለሁ። ኤስኤስኤችም ይነሳል፣ ትእዛዝ ስጽፍ ይመልስልኛል። የማይነሳው ዴስክቶፑ ነው። የዚህ ኡቡንቱ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰው ገብቶ ካልተቀመጠ አይጀምርም። ፓስወርድ ሳይጠይቅ በራሱ እንዲገባ ባደርገው ደግሞ የምስጢር ቃላት የሚቀመጡበት ሣጥን እንደተቆለፈ ይቀራል፤ የሪሞቱ ፓስወርድ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ሰው በሌለበት እንዲያገለግል የተሠራ ነገር ሰው ካልከፈተው አልሠራም ሲል ምን ይባላል?

ኤክስአርዲፒ የሚባል ሌላ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም ጫንኩ። እሱ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ፖርት 3389 ላይ ይጠብቃል። ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ወዲያው አስወጣኝ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ለካ እህቴ መብራት ሲመጣ ልታግዘኝ ብላ በእኔ ስም ገብታ ትከፍትልኝ ኖሯል፤ አንድ ሰው እዚያው ማሽኑ ላይ ከገባ ያው ስም ከርቀት ሲመጣ ይጋጫል። «ጋሽዬ፣ ይኸው ከፈትኩልህ እኮ!» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ መልሰሽ ዝጊው እላለሁ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ከስህተቱ መልእክት ውስጥ ይህን የሚናገር አንድ ቃል የለም።

መመሪያው ሁሉ የሚጻፈው መብራት ለማይጠፋበት፣ ቤቱ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ላለው ሰው ነው። «ራውተርህ ላይ ፖርቱን ክፈት» ይላል። በሞባይል ኢንተርኔት የሚኖር ቤት አንዱን የውጭ አድራሻ ከስንቱ ጋር ይጋራል፤ በየት በኩል ነው የሚከፈተው? ማሽኑ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲደውል አድርጌ አለፍኩት። የ2015 ክረምት ሲመጣ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ የሚደወልበትም አልነበረም። በ2016 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ማንም ሳይገባ ከርቀት መግባትን አምጥቷል፤ እሱን ማውረዱ ደግሞ እናቴ በወር የምትገዛውን ዳታ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ነው። የእሷን ስልክ አስርቤ የእኔን ዴስክቶፕ ላቆም አልፈልግም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ድምፁ ነው። ገብቼ፣ ስክሪኑ መጥቶ፣ ፋይሉን ከፍቼ፣ መስመሩ ሲሄድ እያየሁ ዝም! ኤክስአርዲፒ ድምፅ የሚያመጣው ሌላ ተጨማሪ ነገር ለብቻው ተገንብቶ ሲጫን ነው፤ ሌላው መንገድ፣ የተለመደው ቪኤንሲ ደግሞ፣ ምስል እንጂ ድምፅ አያመላልስም። አምባሰልን ያህል ቅኝት በዓይን ይሰማል? ማሲንቆው ሲገባ፣ ሴቶቹ ሲቀበሉ፣ ያን ካልሰማሁ የማንን ስም እጽፋለሁ?

በመጨረሻ እህቴ ስልኳን ከስፒከሩ አስጠግታ አሰማችኝ። አባቴ ከወዲያ ሆኖ «ቆይ፣ ቆይ፣ እቺን አውቃታለሁ» አለ። የዘፋኟን ስም ሊነግረኝ አፉን እንደከፈተ መብራት ሄደ።

«አብሽር ልጄ፣» አለችኝ እናቴ፣ «ሲመጣ ትከፍትልሃለች።»