አፉ የተደፋ ጣሳ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ፣ አንዲት ትንሽ ሎጅ አለች እንበል። አምስት ጎጆ፣ አንድ ምድጃ፣ አንዲት ባለቤት። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ፈረንጅ ጭላዳና ዋልያ ሊያይ ከዚህ ይወጣል፤ ሲመሽ ግን ብርዱ አጥንት ሲሰረስረው ሁለቱንም ረስቶ የሚጠጣ ይጠይቃል። ለማጠጣት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የበላይ አካል ነው፤ የበላይ አካል የሚገኘው ከታች ነው።

እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል አይሸጥ ብሎ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ አሜን ብያለሁ። ባለሎጇም ብላለች። አሁን የማወራላችሁ መመሪያ ግን ከአዋጅም የረቀቀ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፣ መምጣቱ ይበቃል። በሩቅ ስፍራ ያሉ አነስተኛ ማረፊያዎች ሁሉ ጋናቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል።

ተቆጣጣሪው ሁለት አጃቢ አስከትሎ በበቅሎ መጣ። በቅሎዋ የባለሎጇ ነበረች፤ ገብሱም የእርሷ።

ቅጹ ወፍራም ነው። «መጠጥ ቤቱ ከትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል?» ይላል። በአካባቢው ትምህርት ቤት የለም። ተቆጣጣሪው ትንሽ አሰበና «ርቀቱ በሚገባ ተሟልቷል» ብሎ ጻፈ። ከጤና ጣቢያስ? ይህም ተሟልቷል። ከዋና መንገድ? ከሁሉ አብልጦ የተሟላው ይኸኛው ሆነ። እንዲህ መስፈርት አሟልቶ የተገኘ መንደር አይቼ አላውቅም፣ እንኳን ደስ አላችሁ አላቸው።

ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አየ። የጠላ ቤት ምልክቱ ይህ መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ማስታወቂያ ነው አይደለም የሚለው ነገር ጥቂት አከራከረ። ኋላ ተቆጣጣሪው ዞር ብሎ አስተዋለውና «አፉ ወደ ታች ስለተደፋ ችግር የለበትም፤ እንዲያውም ለሌላው አርአያ ይሁን» ሲል ወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ ያልተደፋ ጣሳ አይታይም።

ከባዱ አንቀጽ የጋን ማሸጊያው ነው። ጋን ከጥንስሱ ዕለት ጀምሮ በማኅተም እንዲታሸግ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይፈላ ይላል።

«የኔ ጌታ» አለችው ባለሎጇ፣ «ጋኑ መጀመሪያ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ይገባል፣ ይደፈደፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ይፈላል፤ ሲፈላ መተንፈሻ ይሻል። በጭቃ የሚታተመው ግርግሩ ከበረደ በኋላ ነው። አስቀድመው ካተሙት ክዳኑን ይዞት ይወጣል።»

«እማማ፣ መመሪያው ላይ ፍላት የሚባል ነገር የለም።»

«መመሪያው ላይ ባይኖርም ጋኑ ውስጥ አለ።»

«ድምፅ ያሰማል?»

«ሌሊት ሌሊት። ጆሮውን ላስጠጋ።»

ተቆጣጣሪው ይህን በጥሞና መዘገበ። ቀጥሎ በአንድ ጋን ዙሪያ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ ክዳኑን ማን እንደሚከፍት፣ የጠጣ ሰው ምን ምን እንደሚያወራ ጠየቀ። የመጨረሻው ቅጹ ላይ አልነበረም፤ ለራሱ ዕውቀት ነው። ቢራውን ግን ማንም አላስቸገረውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክሳይሱን ከፍሏል፤ ከዚያም በላይ፣ አፉ ታሽጎ ነው የመጣው።

መጠጥና ሹመት በዚህ አገር የቆየ ዝምድና አላቸው። ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ በነበረበት ዘመን ማሩን በግብር የሚያስገባው ባላገር ነበር፤ ማሩን ሰጥቶ ጠላውን ይጠጣል። ያኔም ቢሆን ስለ ቀፎው ቅጽ ሙላ ያለው አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ደግሞ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎት ገበያው ቀዘቀዘ፤ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱና በልተው ሒሳብ ከፈሉ ይባላል። ተቆጣጣሪያችን ታሪኩን እስከ እኩሌታው ሳይሰማ አልቀረም። እርሱም አስከትሎ መጥቶ በላ።

ለናሙና ተብሎ ሁለት ብርሌ ጠጅ ተቀዳ። ናሙናው ከምርመራው በፊት አለቀ። ሌላ ናሙና ታዘዘ፤ እርሱም ለንጽጽር ሌላ ጠራ። ምርመራ እንዲህ ጠንከር ሲል ደስ ይላል።

ማታ ከጎንደር የመጣ አዝማሪ ማሲንቆውን ቃኘና እንዲህ አለ፦

ሹሙ ከደጅ ቆሞ ጋኑን እያሰላ፣
ቤትህ ምን አለ ቢል፣ ባላገሩ ጠላ።

ተቆጣጣሪው እጅግ ደስ አለው፤ ገና ዛሬ መጥቶ ዛሬውኑ ተዘፈነለት። ድገመው አለ፤ ተደገመ። ብድግ ብሎ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፈ። ብሩን ከባለሎጇ ተበድሮ ነው። ጥግ ጥጉን የተቀመጡት ባላገሮች ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሁሉም ባንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው፤ ብርዱ ይሆናል።

ጠዋት ሪፖርቱን ጻፈ። ቅጹ «የተገኘ የመጠጥ ዓይነት፣ በተጠቃሚ» የሚል ሠንጠረዥ ነበረው። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ፈረንጁ ቢራ፤ ባላገሩ ጠላ» ብሎ ሞላው፣ ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት፣ ለበላይ አካል ላከው። የበላይ አካልም አነበበና ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ መራው፦ «ጠቃሚ መረጃ ነው፤ በሌሎችም አካባቢዎች ሁኔታው ተመሳሳይ መሆኑ ተጣርቶ በአስቸኳይ ይቅረብ።»