መብራት ሲበራ

የድሮ ፊልሞች ስለ ዘላቂ ፍቅር የሚያውቁት አንድ ምስጢር አለ፤ በጊዜ ማቆም። ይሳሳማሉ፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ «ተፈጸመ» ይጻፋል፣ መብራት ይበራል። የቤት ኪራይ፣ ኩርፊያ፣ ማንኮራፋት የሚመጡት ከመብራቱ በኋላ ነውና የፊልም ሠሪው ዕዳ አይደሉም።

ከዚህም የሚብስ ብልጠት አለ፤ ጭራሽ አለማጋባት። እ.ኤ.አ. በ1942 በተሠራው «ካዛብላንካ» ሪክ የሚወዳትን ኢልዛን ከባሏ ጋር አውሮፕላን አሳፍሮ ራሱ ጭጋግ ውስጥ ይቀራል። እኛም ይኸው ከ80 ዓመት በላይ «አይ ፍቅር!» እያልን እናነባለን። አግብቷት ቢሆን ማን ያለቅስ ነበር? ሪክ ቡና ቤቱን ዘግቶ ሊነጋጋ ሲል ይገባል፤ ኢልዛም በሩ ላይ ቆማ «ያ ፒያኖ መቺ ዛሬም ያንኑ ዘፈን ነው የተጫወተው?» ትለዋለች።

በነገራችን ላይ፣ ሪክን የተጫወተው ሃምፍሪ ቦጋርት ኢልዛን ከተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን አጠር ስለሚል ጫማው ሥር ከፍ ማድረጊያ ተደርጎለት ነበር። አውሮፕላኑም ቅርፅ ብቻ ነው፤ ትልቅ እንዲመስል አጫጭር ሰዎች አቆሙበት፣ የቀረውን ጉድ ጭጋጉ ሸፈነው። ለአንድ እውነተኛ ፍቅር ይህን ያህል ድካም!

ማይክ ኒኮልስ ግን እ.ኤ.አ. በ1967 በሠራው «ዘ ግራጁዌት» ካሜራውን ትንሽ ዘግይቶ አጠፋው። ሙሽራዋ ከሠርጓ ከሚወዳት ወጣት ጋር አምልጣ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ሳቁ ይጠፋል፤ ሁለቱም ወደ ፊት ማየት ይጀምራሉ።

አውቶቡሱ ገና ሁለተኛው ፌርማታ አልደረሰም።