ማዕድ አገልጋዮችና 20 በመቶው

በሚስዮን በጎ አድራጎት ድርጅት ግቢ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ፎቶ የሚነሳና ፎቶ የሚያነሳ። የመጀመሪያው ሕፃናት መሃል ቁጭ ብሎ በዓመታዊው ሪፖርት ሽፋን ላይ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ሾፌሩ፣ ካሜራውን አስረክቦ ጎማ ሊቀይር ይሄዳል።

የገንዘብ ያዧ መከራ ደግሞ ለብቻው ነው። ለጉባኤው በግ የሸጠው ገበሬ ደረሰኝ ሲሉት ይስቃል፤ ኦዲተሩ ግን አይስቅም። ስለዚህ የገበሬውን አውራ ጣት በወረቀት ላይ አሳትማ፣ ምስክሮች አስፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ በጉን ሕጋዊ ታደርገዋለች።

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ የኦዲት ክፍያና የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ እዚያው ተጠቃለዋል። ገንዘብ ያዧና የመብራት ቆጣሪው በሕግ ፊት እህትና ወንድም ናቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቆጣሪው ካልተከፈለው ይጠፋል፣ እሷ ግን «ለጌታ ነው» ተብላ ታመሻለች።

ሥራው ጥንታዊ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በመበለቶች እደላ ማጉረምረም ሲነሳ፣ ሐዋርያት ጸሎቱንና ስብከቱን ለራሳቸው ይዘው ለማዕዱ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። መመዘኛው መልካም ምስክርነት፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ነበር። ዛሬ ለንብረት ክፍል ሠራተኛም ይኸው ይጠየቃል፤ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይጨመርበታል።

ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ቀዳሚ ሰማዕት ሆነ። የእኛዎቹ ዕድለኞች ናቸው፤ የሚወገሩት በኦዲት ጥያቄ ብቻ ነው።