ሲደክም የሚበረታው ባትሪ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ገርጂ ያለነው ግን መስከረምን አንጠብቅም፤ ጉዱ በየሳምንቱ ይመጣል።

መብራት ሲጠፋ የሚያግዘን ኢንቨርተርና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለን። የባትሪውን ጉልበት የማየው በመርፌ ቴስተሬ ነበር። መርፌዋ ዝቅ ስትል «ቴሌቪዥኑን አጥፉ» እላለሁ፤ ይጠፋል፤ አለቀ። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ ይሄ እኮ አናሎግ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። ቴስተሩን ይሁን እኔን አልጠየቅሁትም።

አርዱይኖ የሚሉትን ሰሌዳ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ኤቲሜጋ 328 የምትባል ጥቁር ቺፕ አለች፤ የገባላትን ቮልት ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ትመነዝራለች። 5 ቮልት ለ1024 ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እኔ ባትሪው ደከመ ወይስ አልደከመም ነው ያልኩት፤ ሚሊቮልት ማን ጠየቀ? 12 ቮልት በቀጥታ ቢለቀቅባት ስለምትቃጠል፣ በሁለት ሬዚስተር ለአራት አካፍሎ 3 ቮልት አደረሰላት። እስከዚህ ጎበዝ ነው፤ አልክድም።

ማታ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ 12.0 አለ። ልጁ ለኮሪደሩ የዘረጋቸውን የኤልኢዲ መብራቶች ሲያበራ ግን 13.0 አለ! አጠፋቸው፤ ወደ 12 ወረደ። እግዚኦ! እንግዲያው ቤቱን በሙሉ አብርተን ባትሪውን እንሙላዋ! እሱ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ኮዱን ይጎረጉራል፤ የመቶ ንባብ አማካይ ወሰደ። ስክሪኑ አሁንም 13 አለ፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ መዋሸቱ ነው።

ወጣትነቴን የጨረስኩት ቦሌ፣ የአውሮፕላን መለኪያ ስጠግን ነው። ከፍታ የምታሳየው መርፌ የምትለካው የአየር ግፊትን ነው፤ ስለዚህ አብራሪው የዕለቱን ግፊት በቁልፏ ሳይሞላ አያምናትም። ግፊቱ ተለውጦ ቁልፉ ካልተነካ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የቦሌ መሬት ሳይነቃነቅ መርፌዋ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። «ከምን አንጻር ነው የምትለካው?» አልኩት። ዝም አለ። ድንቄም ዲጂታል!

ነገሩ ይኸው ነበር። ቺፗ የገባላትን ቮልት የምታመዛዝነው ከራሷ መጋቢ ጋር ነው፤ ሪፈረንስ ይሉታል። ሰሌዳውና መብራቶቹ የተንጠለጠሉት አንድ የስልክ ቻርጀር ላይ ነው። መብራቶቹ ሲበሩ 5 ቮልቱ ወደ 4.6 ይወርዳል፤ ኮዱ ግን አሁንም 5 ነው ብሎ ያባዛል። 3 ቮልት ከ5 ሲታይ 614 ነው፤ ከ4.6 ሲታይ 667። ባትሪው አልበረታም፤ ሚዛኑ ነው የቀለለው።

መፍትሔው አንድ የኮድ መስመርና ሁለት ሬዚስተር ነበር። ሪፈረንሱን ቺፗ ውስጥ ወዳለው 1.1 ቮልት አዞረው፤ እሱ ቻርጀሩ ቢዋዥቅም እምብዛም አይነቃነቅም። 3 ቮልት ለዚያ ስለሚበዛ፣ በ140 እና በ10 ኪሎ ኦም ለ15 አካፈለው፤ 12ቱ 0.8 ሆነ። ሪፈረንሱ በተቀየረ ማግስት የሚመጣው የመጀመሪያ ንባብ ስለማይታመን ይጣላል። ደግሞ 1.1 የሚሉትም የወረቀት ነው፤ እንደ ቺፗ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊሆን እንደሚችል አምራቹ ራሱ ጽፎታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሌላ መለኪያ መታረም አለበት።

በምን ታረመ? ጊዜዋ ባለፈባት መርፌ። «አባባ፣ ቴስተሩን ለትንሽ ጊዜ ልያዘው?» ብሎኛል። አልሰጥም።