ቆቅ የነገሠችበት አገር

በአንድ አገር እንስሳት ተስማምተው ሲኖሩ የሸለቆው ዘበኛ እመት ቆቅ ነበረች። ሣር ኮሽ ካለ ትጮኻለች፤ የሰማ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። ከጉብታው አናት አያ ዝሆን ይኖራል። ጩኸቷን ሲሰማ «ዝም በይ» አይላትም።

«እመት ቆቅ፣ ያየሽውን በስሙ ጥሪልኝ። ይንቀሳቀሳል?»

ዞር ብላ ታይና «ኧረ ልጥ ነው» ትላለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ማንም አይስቅባትም። እውነትም እባብ ከሆነ መንጋው ጥጃዎቹን መሀል አድርጎ በሥርዓት ይሸሻል።

ይህ ያልተመቸው አያ ጅቦ ነበር፤ ሥርዓት ባለበት ወደ ኋላ የሚቀር ጥጃ የለማ! ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ ያሽካካ ጀመር። እንስሳቱ እንቅልፍ አጡ። የደከመ መንገድ አይጠርግምና ከጉብታው ወደ ሸለቆው የሚወርደው መንገድ እሾህ በቀለበት። ቀን ቀን ደግሞ ጅቦ «ዝሆን እስኪጠይቅ ስንቱ አለቀ! ፈጣኗን ቆቅ እናንግሥ» እያለ ሰበከ። አነገሧት።

አንድ ማታ ልጥ ከዛፍ ወደቀ። ቆቅ ጮኸች። አያ ዝሆን «ምን አየሽ?» ብሎ ቢጣራ ድምፁ እሾሁን አላለፈም። መንጋው እርስ በርሱ ተረጋግጦ ገደል ገባ። በዚያ ሌሊት የጠገበው ጅቦ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጎረምሶቹ ቆቅን ሊገድሏት ተነሡ።

«ተዉ!» አለ አያ ዝሆን። «ቆቅ የሌለው አገር ነብር ጉያው እስኪገባ አያውቅም። ይልቅስ በየተራ እንተኛ፤ መንገዱንም እንጥረግ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች ሚዳቋ።

«የዛሬ ጥጃ በሬ እስኪሆን።»

ፍቺው እንዲህ ነው። ቆቋ አደጋን ፈጥኖ የሚያውጀው የአንጎላችን ክፍል፣ አሚግዳላ ናት። ዝሆኑ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል በስሎ የሚያበቃው 25 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ እንቅልፍ ስናጣ ከአሚግዳላ ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል። ስሜትን በስሙ መጥራትና ያስደነገጠንን ነገር ደግሞ መመርመር ግን ጩኸቱን ያበርዳል።

አገርም እንዲሁ ናት። ሕዝብ በድንጋጤ በተረጋገጠ ቁጥር ቆቅን ከመርገማችሁ በፊት፣ እንቅልፍ የነሣችሁ ማን እንደነበረና በማግስቱ የጠገበው ማን እንደሆነ ጠይቁ።