እፉኝት ለማርባት ላሰቡ የቃሊቲ ነዋሪዎች

ቃሊቲ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው እፉኝትና ኮብራ ለማኖር ከቆረጡ እኔ አልከለክልዎትም። የመጋዘኑ አይጥ ለቀለብ ይበቃል፤ በዚህ በኩል ሰፈራችን አይታማም። ምክሬ አንድ ነው፦ ለየብቻ ያስቀምጧቸው። በአንድ ቆጣሪ የተጣሉ ተከራዮችን ሽማግሌ ያስታርቃል፤ እነዚህን ግን የሚያስታርቅ ቢገኝ እንኳ ከእርቁ በኋላ የሚተርፈው አንድ ነው።

ጥፋቱን በእፉኝት ላይ አያላክኩ። ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ሴቷ ባሏን ትገድላለች፣ ልጆቿም ሆዷን ቀደው ይወጣሉ ብሎ ስሟን አጥፍቷል። እውነቱ፣ እፉኝት እንደ ማንኛዋም እናት በወጉ ትወልዳለች፤ በቼክ አገር በእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት እፉኝት 156 ልጆች ወልዳለች። ወንዶቹም በሴት ሲጣሉ መናከስ ነውር ነው፤ ተጠላልፈው ይታገላሉ፣ የተጣለው አቧራውን አራግፎ ይሄዳል።

ኮብራ ግን ሌላ ነው። እፉኝትንም፣ ሲመቸው የገዛ ወገኑንም ይውጣል። በካላሃሪ በረሃ ኮብራ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አንዱ ወንድ ሌላውን ወንድ ሲውጥ አግኝተውታል።

በሳጥን ውስጥ ደግሞ ጨዋውም ይባልጋል። ለሁለት እባብ አንድ አይጥ ይጣሉ፤ አንዱ ከጭንቅላቱ፣ ሌላው ከጭራው ይጀምራል፤ መሐል ሲደርሱ አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ጥርሳቸው ወደ ጉሮሮ የታጠፈ ስለሆነ የያዙትን መልቀቅ ይቸግራቸዋል። ትልቁ አፉን ትንሽ ሰፋ ያደርግና ጎረቤቱን ከነአይጡ ይቀጥላል። ቂም የለበትም! እባብ በምላሱ ሽታ ይለቅማል፤ አይጥ አይጥ የሚል ጎረቤት ለእሱ አይጥ ነው። አይጡን የያዙበት የእርስዎ እጅም እንዲሁ። ስለዚህ በረጅም መቆንጠጫ ያጉርሱ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ አጥበውም ቢሆን አያስገቡ።

ከተነደፉ ማርከሻው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሲፈልጉት መገኘቱን ማንም አይምልልዎትም። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው አለምክንያት አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት ያሳስራል። እስር ምን እንደሆነ ደግሞ ለቃሊቲ ሰው እኔ አላስረዳም።